እስክሪብቶ ይዛችሁ ሂዱ፦ ያለ ጉቦ የካርታ ስም ማዞር

ባለቤቴ ካረፈ በኋላ የቤታችንን ካርታ ወደ ስሜ ለማዞር አራት ወር ፈጀብኝ። ጎረቤቴ የሱን በሁለት ሳምንት ጨርሷል። እንዴት እንደጨረሰ አልጠየቅሁትም፤ እሱም አልነገረኝም። እና አስቀድሜ ልንገራችሁ፣ የኔ መንገድ ለቸኮለ ሰው አይሆንም።

መጀመሪያ ካርታ የሚሰጠው መሥሪያ ቤት ግድግዳ ላይ የተለጠፈውን አንብቡ። ለየትኛው ጉዳይ ምን ማስረጃ እንደሚያስፈልግ፣ ስንት ቀን እንደሚፈጅ፣ ስንት እንደሚከፈል ተጽፏል። በስልካችሁ ፎቶ አንሱት። ከዚያ ወረቀታችሁን አሟሉ፦ የፍርድ ቤት የወራሽነት ማረጋገጫ፣ ካርታው፣ የግብር ደረሰኝ፣ መታወቂያ። ዋናውን አስረክቡ ከተባላችሁ የተቀበለውን ሰው ሳታስፈርሙ አትስጡ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ጉቦ የሚጠየቀው በአፍ ነው። እንዲያውም በአፍም አይባል፤ በጉሮሮ ነው። «እ... አንድ ነገር ጎድሏል» ይባላል። ምን እንደጎደለ ግን አይነገርም። እኔ ለባለሙያው፣ «ልጄ፣ የጎደለውን እዚህ ጻፍልኝ፤ አርጅቻለሁ፣ እረሳለሁ» አልኩት። እስክሪብቶ የለኝም አለ። ከቦርሳዬ አውጥቼ ሰጠሁት። 32 ዓመት አስተምሬያለሁ፤ መልሱን የማያውቅ ልጅ እስክሪብቶ ይዞ እንዴት እንደሚፈዝ አውቃለሁ። ትንሽ ቆይቶ፣ «ይተዉት እማማ፣ የተሟላ ነው» አለኝ።

ማመልከቻችሁን በሁለት ኮፒ አድርጉ። አንዱን መዝገብ ቤት ታስገባላችሁ። ሌላው ላይ ቀንና የገቢ ቁጥር አስጽፋችሁ፣ ማህተም አስመትታችሁ ወደ ቤት ይዛችሁ ትሄዳላችሁ። ይህን የምለው ፋይል እግር ስላለው ነው። የኔ ሁለት ጊዜ ጠፍቶ ሁለቴም ተገኝቷል። የተገኘው ማህተም ያለበትን ኮፒ ሳሳይ ነው።

ደብተርም ያዙ። በኔ ደብተር ላይ እንዲህ ይላል፦ መስከረም 12፣ ሲስተም የለም። መስከረም 15፣ ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው። መስከረም 22፣ ነገ ይመለሱ። ከየቀኑ ጎን ሰዓቱና የመስኮቱ ቁጥር አለ። ደብተሩን ፊት ለፊታቸው ስትከፍቱት ድምፃቸው ይለወጣል።

በር ላይ፣ ፎቶ ኮፒ ቤቱ አጠገብ፣ ጉዳይ ገዳይ ያገኛችኋል። ትሁት ነው። «እናቴ፣ የሚያልቅበትን መንገድ ላሳይዎት?» አለኝ። 20 ሺህ ብር ጠየቀኝ፤ ለራሱ እንዳይመስለኝ፣ ላይ ላሉት ነው። «ደረሰኝ አለው?» ስለው ዞሮ ሌላ ሰው ፈለገ። በኔ ግምት አንዳንዱ ጉዳይ ገዳይ ውስጥ ማንንም አያውቅም። በራሱ ጊዜ የሚያልቅ ጉዳይ ላይ ነው የሚበላው። ደግሞ አትርሱ፣ በሙስና ወንጀሎች አዋጅ ቁጥር 881/2007 ሰጪውም ይጠየቃል።

ካልሆነ አቤት በሉ። መጀመሪያ ቡድን መሪው፣ ከዚያ ቅሬታ ሰሚ፣ ከዚያ የመሥሪያ ቤቱ ሥነ ምግባር መከታተያ ክፍል። የፌዴራሉ የሥነ ምግባርና ፀረ ሙስና ኮሚሽን ከ1993 ጀምሮ አለ፤ አዲስ አበባም የራሷ አላት። ስትጽፉ «ሌቦች ናቸው» አትበሉ፤ ያ ስድብ እንጂ ማስረጃ አይደለም። በዚህ ቀን፣ በዚህ ሰዓት፣ በዚህ መስኮት፣ እንዲህ ተባልኩ በሉ። ደብተሩ ያኔ ይጠቅማል። ለጠቋሚዎችና ለምስክሮች ጥበቃ የሚሰጥ አዋጅ አለ፣ ቁጥር 699/2003። ቢሆንም እኔ የምመክረው ብቻችሁን እንዳትሄዱ ነው። እኔ የእህቴን ልጅ ይዤ ነበር የምሄደው፤ ምንም አይናገርም፣ ቆሞ ያያል።

አርብ ብትሄዱ በጠዋት ይሁን። ከአምስት ተኩል እስከ ሰባት ተኩል ዝግ ነው፤ ከዚያ በኋላ ደግሞ ልባቸው ቤታቸው ነው። ምሳ ቋጥሩ።

ካርታዬን የተቀበልኩት ጥር ላይ፣ ከዚያው ልጅ እጅ ነው። አስፈርሞኝ ስወጣ ከኋላዬ ጠራኝ። «እማማ፣ ያን ቀን እስክሪብቶዎን ረስተው ሄዱ» ብሎ ከመሳቢያው አውጥቶ ሰጠኝ።