አንዴ ተጭነነው አራት ጊዜ የሚሠራው በተን

ሰሞኑን አንዲት ጀማሪ ባልደረባዬ ግራ ገብቷት ጠራችኝ። «የረድፉን ማጥፊያ በተን አንዴ ብቻ ነው የተጫንኩት፤ ሰርቨሩ ጋ ግን አራት ጥያቄ ደርሷል» አለችኝ። ኮዱን ሳላይ ችግሩ የት እንዳለ ገባኝ፤ ይህን ስህተት ሳላይ ያለፈ ዓመት የለምና።

ገጹ በጃቫስክሪፕት የሚሠራ ሰንጠረዥ ነው፤ በየረድፉ ማጥፊያ በተን አለ። መጀመሪያ 20 ረድፍ ያመጣል፤ «ተጨማሪ አሳይ» ሲባል ሌላ 20 ከሥር ይቀጥላል። ረድፎቹን የሚጨምረው ፈንክሽን ሥራውን ሲጨርስ በኩዌሪ-ሰሌክተር-ኦል የገጹን ማጥፊያ በተኖች ይሰበስብና በሉፕ ለእያንዳንዳቸው የክሊክ ሊስነር (ክሊክን ጠብቆ የሚሠራ ፈንክሽን) ይሰጣል። ለአዲሶቹ ብቻ መስሏት ነበር፤ የሚሰጠው ግን ለሁሉም ነው! «ተጨማሪ አሳይ» ሦስት ጊዜ ከተጫነ የላይኞቹ 20 በተኖች እያንዳንዳቸው አራት ሊስነር ይሸከማሉ፤ የመጨረሻዎቹ አንድ። እሷ ደግሞ ስትሞክር የነበረው ሁልጊዜ የታችኛውን ረድፍ ስለነበር ለቀናት ሁሉም ደህና መስሎ ታያት።

ብሮውዘሩ ለምን ዝም ይላል? ያንኑ ፈንክሽን ለዚያው ኤለመንት (የገጹ ክፍል) እና ለዚያው ኢቨንት (እንደ ክሊክ ያለ ክስተት) ደግመን ብንሰጠው ሁለተኛውን ይተወዋል። ሉፕ ውስጥ የተጻፈ ስም የለሽ ፈንክሽን ግን በየዙሩ አዲስ ይፈጠራል፤ ፊደል በፊደል ቢመሳሰልም ለብሮውዘሩ ሌላ ነው። ሊስነሩን በሪሙቭ-ኢቨንት-ሊስነር ለማንሳት ስትሞክሩ እምቢ የሚላችሁም በዚሁ ምክንያት ነው።

እባካችሁ፣ ለየበተኑ ሊስነር ማደሉን ተዉት። ክሊክ ከተነካው ኤለመንት ተነሥቶ ወደ ወላጆቹ፣ ማለትም እሱን ወደያዙት ኤለመንቶች ይወጣል፤ ስለዚህ ገጹ ሲከፈት ሰንጠረዡ ላይ አንድ ሊስነር ብቻ ማስቀመጥ ይበቃል። ረድፉ 20 ይሁን 2000፣ በኋላ የሚጨመረውም ጭምር በዚያው ይስተናገዳል። የትኛው ረድፍ እንደሆነ በተኑ ላይ ከተጻፈው መለያ፣ ከዳታ-አይዲ ታነባላችሁ።

እዚህ ላይ እኔንም ግማሽ ቀን የበላኝ ስህተት አለ። ኢቨንቱ ታርጌት ብሎ የሚሰጠን ጣት ያረፈበትን የውስጠኛውን ኤለመንት ነው። በተኑ ውስጥ የቅርጫት ምስል ካለና ተጠቃሚው ምስሉን ከነካ፣ ታርጌቱ ምስሉ እንጂ በተኑ አይደለም። የበተኑን ጠርዝ ለነካ ይሠራል፣ መሀሉን ለነካ አይሠራም። ከታርጌት ተነሥታችሁ በክሎዘስት ወደ ላይ በተኑን ፈልጉ። ባዶ ቦታ ከተነካ ክሎዘስት ነል (ምንም) ስለሚመልስ፣ ያን ጊዜ ከፈንክሽኑ ወዲያው ውጡ።

ክሊኩ ወደ ወላጆቹ እንዳይወጣ የሚያስቆመውን ስቶፕ-ፕሮፓጌሽንን እንደ ማስታገሻ የምትጠቀሙ፣ ነገ የሌላ ሰው ኮድ ይሰበራል። ከውጭ ሲነካ የሚዘጋ ሜኑ ብዙ ጊዜ ዶኩመንቱ (መላው ገጽ) ላይ ሆኖ ነው የሚያዳምጠው፤ ክሊኩ እዚያ ካልደረሰ ሜኑው እንደተከፈተ ይቀራል። የፈለጋችሁት ሊንኩ ገጽ እንዳይቀይር ከሆነ ለዚያ ፕሪቨንት-ዲፎልት አለ።

ፎርም ውስጥ ያለ በተን ታይፕ ካልተጻፈለት ሰብሚት ነው፣ ሲነካ ፎርሙን ይልካል፤ ገጹ «ያለ ምክንያት» ሪሎድ ቢያደርግ መጀመሪያ ይህን እዩ።

ዲቭ (ተራ ሳጥን) ላይ ክሊክ አድርጎ በተን ማስመሰልን ግን በዝምታ አላልፈውም። ማውዝ የማይጠቀም ሰው በታብ አይደርስበትም፤ በኢንተርና በስፔስ አይሠራለትም፤ ገጹን በድምፅ የሚያነበው ስክሪን ሪደርም በተን መሆኑን አይነግረውም። እውነተኛው በተን ይህን ሁሉ በነፃ ይዞ ይመጣል። ሰውን ከገጻችሁ ውጭ የምታስቀሩት መልኩን በሲኤስኤስ ማስተካከል ስለሰለቻችሁ ብቻ ነው?

ሌላው፣ ክሊኩ ውስጥ ከባድ ሥራ መጫን ነው። ከ50 ሚሊሰከንድ በላይ የሚወስድ ሥራ እንደ ረጅም ይቆጠራል፤ ከመጋቢት 2024 ጀምሮ ጉግል የገጽን ምላሽ የሚለካበት አይኤንፒ ደግሞ ጥሩ የሚለው እስከ 200 ሚሊሰከንድ ነው። መጀመሪያ በተኑን ዲሴብል አድርጋችሁ (ዳግም እንዳይጫን) «በመላክ ላይ» የሚለውን አሳዩ፤ ከባዱን ስሌት ሥራን ለኋላ ለሚያቆየው ሴት-ታይምአውት ተዉት። አስቀድሞ የተፈታ ፕሮሚስን (ኋላ የሚመጣ ውጤትን የሚወክል ነው) አወይት ማድረግ፣ ማለትም መጠበቅ፣ አይበቃም፤ ብሮውዘሩ ስክሪኑን ከመሣሉ በፊት ወደ ቀጣዩ መስመር ያልፋል።

ኮዳችሁን ለግምገማ ከመላካችሁ በፊት በክሮም ኮንሶል የኤለመንትን ሊስነሮች የሚዘረዝረውን ጌት-ኢቨንት-ሊስነርስን ጥሩና ማጥፊያ በተኑን ስጡት። ሊስነሩ ሰንጠረዡ ላይ ከተቀመጠ ከበተኑ አንድም አይወጣም። ሁለትና ሦስት ከወጣ ወደ ሉፑ ተመለሱ።