ልጅዎ በክረምት የክራር ትምህርቱን ይቀጥል ወይስ ይረፍ?

ሰኔ ሲጋመስ፣ ልጃቸውን ክራር የሚያስተምሩ ወላጆች የሐምሌን ክፍያ ከመክፈላቸው በፊት ልጁ ክረምቱንም ይማር ወይስ እስከ መስከረም ይረፍ ብለው ያመነታሉ። ብዙዎቻችን የምንወስነው «ይረሳዋል» በሚል ስጋት ነው። በእኔ እምነት ግን አስቀድሞ መታየት ያለበት ልጁ ክራሩን ያለ አስተማሪ መቃኘት መቻሉ ነው።

ይህንን ቤት ውስጥ መፈተን ይቻላል። ልጁ ፋታ ባገኘበት ቀን ሁለት ወይም ሦስት አውታሮችን ጥቂት አላልተው ክራሩን ይስጡትና በትዝታ ቅኝት እንዲያስተካክለው ይጠይቁት። ቅኝቱ በአምስት ድምፆች ላይ የቆመ ስለሆነ፣ ስድስት አውታር ባለው ክራር ላይ አንዱ አውታር የሌላውን ድምፅ ቀጠን ወይም ወፈር አድርጎ ይደግመዋል፤ ልጁ ሁለቱን አከታትሎ መትቶ መግጠም አለመግጠማቸውን በጆሮው ከለየ፣ ለሌሎቹ መነሻ አገኘ ማለት ነው። ጊዜ ቢወስድበትም ይታገሡት (ከልጁ ቀድመን መቃኛውን የመያዝ አመል ያለብን ወላጆች ጥቂት አይደለንም)። በመጨረሻ የሚያውቀውን ዜማ ጆሮ በማይጎረብጥ ድምፅ ከተጫወተ፣ ሁለት ወር ያለ አስተማሪ ቢቆይ እምብዛም አይጎዳም። መቃኘት ያልቻለ ልጅ ግን ክራሩ ከቅኝት በወጣ ቁጥር የሚመታው ሁሉ ስለሚበላሽበት፣ ጥፋቱ የእጁ እየመሰለው መሣሪያውን ይሰቅለዋል፤ እኛ ስንፍና የምንለውም ብዙ ጊዜ ይህንኑ ነው።

ክረምቱ ራሱ ችግሩን ያባብሰዋል። በሐምሌና በነሐሴ እርጥበት የክራርም ሆነ የማሲንቆ ቆዳ ስለሚረግብ ድምፁ ይዳፈናል፣ ቅኝቱም ቶሎ ቶሎ ይዛባል። ምድጃ አጠገብ ማድረቅ ቆዳውን ሊሰነጥቀው ስለሚችል፣ መሣሪያውን በጨርቅ ጠቅልሎ ደረቅ ቁም ሣጥን ውስጥ ማኖር ይሻላል። ኪቦርድ የሚማር ልጅ ይህ ሁሉ አያሳስበውም፤ ለእርሱ መለኪያው የሰማውን ዜማ በራሱ ጆሮ ፈልጎ ማግኘት መቻሉ ነው።

መቃኘት ላልቻለው ልጅም ቢሆን ሙሉው ትምህርት ይቀጥል አልልም። ሐምሌ፣ ነሐሴና ጳጉሜን ሲደመሩ 65 ቀን፣ ጳጉሜን 6 በምትሆንበት ዓመት ደግሞ 66 ቀን ናቸው፤ ልጁ አንድ ወር አያቶቹ ዘንድ የሚከርም ከሆነ የሚቀሩት አምስት ሳምንታት ያህል ብቻ ስለሆኑ፣ በየሁለት ሳምንቱ አንድ ጊዜ መማር ይበቃዋል። አስተማሪው አዲስ ዜማ ከመጨመር ይልቅ የክፍለ ጊዜውን እኩሌታ በመቃኘት ላይ እንዲያውል አስቀድመው ይስማሙ፤ ልጁ የሚያርፍ ከሆነም የመስከረም ቦታው እንዲጠበቅለት ክፍያው ከመቋረጡ በፊት ይነጋገሩ።

የልጁን ፍላጎት መጠየቅ ተገቢ ቢሆንም በፈተና ሰሞን አይጠይቁት፤ በዚያ ወቅት ማንኛውም ትምህርት ይቅር ይላል። ትምህርት ቤት ከተዘጋ አንድ ሳምንት ካለፈ በኋላ፣ ወደ አያቶቹ ሲሄድ ክራሩን ይዞ መሄድ ይፈልግ እንደሆነ ቢጠይቁት፣ «መማር ትፈልጋለህ?» ከሚለው ጥያቄ ይልቅ እውነተኛ መልስ ያገኛሉ።