«ከፌስቡክ ነው ያገኘሁት» አያዋጣም

አራት ኪሎ፣ አንድ ሕንጻ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ትንሽ የማስታወቂያ ሥራ ቤት አለኝ። ባነር፣ ሜኑ፣ የሠርግ ካርድ፣ የቴሌግራም ፖስተር እሠራለሁ። የሰው ፎቶ ሳያስፈቅዱ ስለመጠቀም የምጽፈው ሕግ ተምሬ አይደለም። አንዴ በደንብ ስላፈርኩ ነው።

አንድ የሴቶች ፀጉር ቤት ሊከፈት ነው። መክፈቻው ቅዳሜ፣ ባነሩ የታዘዘው ሐሙስ ማታ! ፌስቡክ ላይ ሹሩባ የተሠራች ልጅ ፎቶ አገኘሁ። ልጅቷም ሹሩባውም ሲያምሩ! አወረድኩት። ጥጉ ላይ የፎቶ አንሺው ስም ነበር፤ ቆርጬ ጣልኩት። አሳትሜ ሰቀልኩ።

በአራተኛው ቀን አንድ ወጣት ገባ። «ይሄን ባነር የሠራኸው አንተ ነህ?» አለኝ። ሥራ ያመጣ መስሎኝ ፈገግ ብዬ «አዎ፣ ምን ልታዘዝ?» አልኩት። «እህቴ ናት» አለ። ታክሲ ውስጥ ሆኖ ነው ያያት። ሹሩባውን የሠራቻት ደግሞ እናታቸው ናት። ፀጉር ቤቱ ባልነካው ፀጉር እየነገደ ነው ማለት ነው። «ከፌስቡክ ነው ያገኘሁት» አልኩ። ከአፌ እንደወጣ ለራሴም አስጠላኝ። ባነሩ ወረደ፣ ሁለተኛውን በራሴ ኪስ አሳተምኩ።

ከዚያ ወዲህ የምሠራው እንዲህ ነው።

መጀመሪያ ፎቶው የማን እንደሆነ እፈልጋለሁ። የለጠፈው ሰው ባለቤቱ ላይሆን ይችላል፤ ብዙ ጊዜም አይደለም። ስልክ ላይ ፎቶውን በጎግል ሌንስ መፈለግ ነው። ቲንአይ የሚባለው ድረ ገጽም ጥሩ ነው፤ ውጤቱን ከድሮው ጀምሮ እንዲደረድርላችሁ ማዘዝ ትችላላችሁ። የመጀመሪያው ለጣፊ ጋ ስትደርሱ አብዛኛውን ጊዜ ፎቶ አንሺውም እዚያው ስሙ አለ። ካላገኛችሁት ፎቶውን ተዉት። ባለቤቱ አልታወቀም ማለት ባለቤት የለውም ማለት አይደለም።

ቀጥሎ ሰው የሚስተው ነገር አለ። ሰው ያለበት ፎቶ ሁለት ፈቃድ ይፈልጋል። አንዱ የአንሺው ነው፤ የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ፎቶግራፍንም ይመለከታል። ሌላው የተነሺው ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ቁጥር 27 ላይ የሰው ፎቶ ያለ ፈቃዱ በአደባባይ አይለጠፍም፣ አይባዛም፣ አይሸጥም ይላል። ፌስቡክ ሳይታሰብ የተጻፈ ሕግ ነው እንግዲህ! ለታዋቂ ሰውና ሕዝብ በተሰበሰበበት ለተነሳ ፎቶ የተለየ ነገር አለው። ግን መስቀል አደባባይ ደመራ ላይ ከተነሳ ሕዝብ መሀል አንዲት ልጅ ቆርጦ አውጥቶ ሻምፑ መሸጥ? እኔ አልሞክረውም።

መጠየቅ ከምታስቡት ይቀላል። እኔ የምልከው መልእክት ይኸው፦

«ጤና ይስጥልኝ። የማስታወቂያ ሥራ ቤት አለኝ። ይህን ያነሱትን ፎቶ (ሊንኩን ልኬያለሁ) ለአንድ ፀጉር ቤት ባነር ልጠቀምበት ፈልጌ ነበር። አንድ ባነር ነው፣ አራት ኪሎ የሚሰቀል፣ ለሦስት ወር። ስንት እንደሚያስከፍሉ ቢነግሩኝ። በፎቶው ላይ ያለችውን ልጅ ፈቃድም እንድጠይቅ ቢያገናኙኝ ደስ ይለኛል።»

የት፣ ለስንት ጊዜ፣ በስንት ብር፤ ሦስቱ ካልተጻፉ በኋላ ጭቅጭቅ ነው። መልሱን በጽሑፍ ተቀበሉ። «ችግር የለም ወንድሜ» በስልክ ሲባል ደስ ይላል፣ ግን ስክሪንሹት አይነሳም። ዝም ካሉም ዝምታው እሺ ማለት አይደለም።

«ክሬዲት ሰጥቻለሁ» የሚሉም አሉ። የባለቤቱን ስም መጻፍ ጥሩ ነው፤ ፈቃድ ግን አይሆንም። የሰው በግ አርዶ የባለቤቱን ስም እንደመጥራት ነው።

ጊዜ ከሌለ ዊኪሚዲያ ኮመንስ የሚባለው የነፃ ፎቶዎች ድረ ገጽ ግቡ። እያንዳንዱ ፎቶ ሥር ፈቃዱ ተጽፏል። «ሲሲ ባይ» (CC BY፣ ስም ጠቅሶ መጠቀም የሚፈቅድ) ከሆነ የአንሺውን ስምና የፈቃዱን ዓይነት ጽፋችሁ፣ ለውጥ ካደረጋችሁም ጠቅሳችሁ ትጠቀማላችሁ። ሌላ ድረ ገጽ ላይ ስትፈልጉ ግን «ኤንሲ» (NC) የሚል ካለበት ለንግድ አይሆንም፣ «ኤንዲ» (ND) ካለበት ቀይራችሁ አታወጡትም። እንዲህ ያለ ፈቃድ ሁሉ ደግሞ የአንሺውን ብቻ ነው የሚመለከተው፤ ፊቷ የሚታየውን ልጅ ማንም አልጠየቃትም። ስለዚህ ከኮመንስ የምወስደው የሕንጻ፣ የቡናና የእንጀራ ፎቶ ነው።

የእናንተ ፎቶ ተወስዶ ከሆነስ? ሳትሳደቡ በፊት ስክሪንሹት አንሱ። ቀኑና ሊንኩ ይታይ። ከተሳደባችሁ ሰውዬው ያጠፋዋል፣ ማስረጃውም አብሮ ይሄዳል። ከዚያ በጨዋ ቋንቋ እንዲያወርድ ጻፉለት፤ እምቢ ካለ ለፌስቡክ የቅጂ መብት ሪፖርት ይሞላል። ዋናውን ፋይል አትሰርዙ። ለደንበኛ በቴሌግራም ስትልኩም እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል ላኩ፤ እንደ ፎቶ ከሄደ ይጨመቃል፣ የተነሳበትን ቀን የያዘው መረጃም ይጠፋል።

የፀጉር ቤቱ ሁለተኛ ባነር ላይ ያለችው የባለቤቷ የእህት ልጅ ናት። ጠዋት 3 ሰዓት ላይ መስኮቱ አጠገብ አስቀምጬ በስልኬ ነው ያነሳኋት። ሹሩባውን እዚያው ቤት ነው የተሠራችው። ግማሽ ገጽ ወረቀት ላይ ፈርማለች፤ ወረቀቱ መሳቢያዬ ውስጥ አለ። ያ ወንድምየው ደግሞ ባለፈው ወር የሠርጉን ካርድ አሠራኝ። ከላይ የምትገባውን ፎቶ ሲሰጠኝ «ይሄ ፈቃድ አለው» አለኝና ሳቀ።