ከስኮትላንድ ባለአደራ የሚመጣን የመጨረሻ ወራት ጥያቄ ከድሬዳዋ ሆኖ ስለመመለስ

ውጭ አገር ያለ ልጅ ዕዳ ውስጥ መግባቱን የድሬዳዋ ቤተሰብ ብዙ ጊዜ የሚሰማው የዕዳው ክፍያ ስምምነት ሊያልቅ ጥቂት ወራት ሲቀሩት ነው። ስልክ ይደወልና «የዕዳዬን ክፍያ የሚቆጣጠረው ባለአደራ ጠይቆኛል፤ አባባ ያረፈበትን ቀን የሚያሳይ ወረቀት ላኩልኝ፤ የቤቱንም ግምት» ይባላል። ድሬዳዋ ከዚራ ሰፈር ሰነድ እየተረጎምሁና ማመልከቻ እየጻፍሁ ስለምተዳደር፣ እንዲህ ያለው ጥያቄ ሲመጣ ምን ማድረግ እንደሚሻል እዚህ አስቀምጣለሁ።

በስኮትላንድ ፕሮቴክትድ ትረስት ዲድ የሚባለው ስምምነት ባለዕዳው አቅሙ የፈቀደውን ያህል በየወሩ፣ በተለምዶ ለ48 ወራት የሚከፍልበት፣ ፈቃድ ያለው የኪሳራ ጉዳይ ባለሙያም ባለአደራ ሆኖ ገንዘቡን ለአበዳሪዎች የሚያከፋፍልበት ሥርዓት ነው። በፍጻሜው ባለዕዳው በስምምነቱ ከተካተተው ቀሪ ዕዳ ነጻ ይወጣል፤ ነገር ግን ሳይተባበር ከቀረ ባለአደራው ነጻ የሚያወጣውን ደብዳቤ ሊከለክለው ስለሚችል፣ ጥያቄው ከዚህ ሲታይ ትንሽ ቢመስልም ሳይመለስ ሊያድር አይገባም።

ከሁሉም በላይ የሚያስቸግረው የቀን ጉዳይ ነው። በፍትሐ ብሔር ሕጋችን አንቀጽ 826 መሠረት ውርስ የሚከፈተው ሟቹ በሞተበት ጊዜ እንጂ ፍርድ ቤት የወራሽነት ማስረጃ በሰጠበት ቀን ስላልሆነ፣ ባለአደራው ልጁ የወረሰው ስምምነቱን ከመፈረሙ በፊት ይሁን በኋላ ለማወቅ አጥብቆ የሚፈልገው የሞቱን ቀን ነው። አንድ ጊዜ «የካቲት 20 ቀን 2013» የሚለውን ስተረጉም ወሩን ቀይሬ ዓመቱን እንዳለ ተውሁት። ትክክለኛው ቀን በፈረንጆች ፌብሩዋሪ 27 ቀን 2021 ነበር። ልጁ ስምምነቱን የፈረመው በፈረንጆች 2020 ስለነበር፣ በእኔ ወረቀት አባትየው ከፊርማው ሰባት ዓመት ቀድሞ የሞተ፣ ልጁም ውርሱን ደብቆ የፈረመ ሆኖ ታየ። ነገሩን ለማስተካከል ሦስት ደብዳቤ ፈጅቷል። ከዚያ ወዲህ ማንኛውንም ቀን በሁለቱም አቆጣጠር ጎን ለጎን ሳልጽፍ አልፌ አላውቅም።

ቀጥሎ የሚመጣው የድርሻ ጥያቄ ነው። ባለአደራው አራት ልጆች እንዳሉ ካነበበ የቤቱ ሩብ የልጁ ነው ብሎ ሊገምት ይችላል። ቤቱ የአባትና የእናት የጋራ ሀብት ከሆነ፣ እናትም በሕይወት ካሉና ኑዛዜ ከሌለ፣ ግማሹ አስቀድሞ የእናት ነው፤ ለአራቱ ልጆች የሚከፋፈለው የአባት ግማሽ ብቻ ስለሆነ የአንዱ ድርሻ አንድ ስምንተኛ ይሆናል። ቤቱ 4 ሚሊዮን ብር ቢገመት ድርሻው 500 ሺህ ብር እንጂ አንድ ሚሊዮን አይደለም። ጉዳዩ በሸሪዓ ፍርድ ቤት የታየ እንደሆነ ስሌቱ ስለሚለይ ውሳኔውን ራሱን አስተርጉመው አያይዙት። መሬት የመንግሥትና የሕዝብ መሆኑን፣ በውርስ የሚተላለፈው ቤቱና የይዞታ መብቱ ብቻ መሆኑንም በአንድ ዐረፍተ ነገር ይግለጹ፤ የውጭ ሰው ይህን ያውቃል ብሎ ማሰብ አያዋጣም።

በግምቱ ላይ የተገመተበት ቀንና የምንዛሪው ዋጋ መጻፍ አለበት። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 የምንዛሪ ለውጥ በፊት አንድ ዶላር 57 ብር አካባቢ ነበር፤ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ስለዚህ በብር ያልተነካ የድሮ ግምት በፓውንድ ሲመነዘር ሁለት የተለያየ ቤት ሊመስል ይችላል። እናት እዚያው ቤት እንደሚኖሩም ይጻፍ፤ ልመና ግን አይጨመርበት፤ በድርሻው ላይ ውሳኔው የባለአደራው ነው።

ስለ ገንዘብ ዝውውር ሲጠየቅ ለእናት የተላከው በደረሰኝ ይመለሳል። ዕቁብ ግን ማብራሪያ ይፈልጋል፤ በየወሩ የሚወጣው ክፍያና አንድ ቀን በጅምላ የገባው ዕጣ በባንክ መግለጫ ላይ የተደበቀ ገቢ ስለሚመስል፣ የአባላቱን ቁጥር፣ የወር መዋጮውንና ዕጣው የወጣበትን ቀን የሚያሳይ በዕቁቡ ዳኛ የተፈረመ ወረቀት ይላክ።

አንዳንድ ቤተሰብ ደንግጦ የልጁን ድርሻ በስጦታ ወደ እህቱ ለማዛወር ውክልና ያስልካል። ይህን አጥብቄ እከለክላለሁ፤ ንብረት እንደማሸሽ ይቆጠራልና። ባለአደራው በጽሑፍ ሳይፈቅድ ድርሻው ባለበት ይቆይ።

መልሱን ሲልኩ የፋይሉን ቁጥር ከላይ ይጻፉ፤ ስሙንም በፓስፖርቱ ላይ ባለው አጻጻፍ እስከ አያት ያስፍሩ፤ የአባት ስም አጻጻፍ ከአንዱ ልጅ ወደ ሌላው እየተለያየ ሲያዩ ወንድማማችነቱን ይጠራጠራሉ። የላኩትን ሁሉ ቅጂ ያስቀሩ። ልጁም ስለ ቤቱ ድርሻ የተወሰነውን በጽሑፍ ይጠይቅ፤ ነጻ የሚያወጣው ደብዳቤ እጁ ሲገባም አንድ ቅጂ ለቤተሰቡ ይላክና ከይዞታ ካርታው ጋር በአንድ ፋይል ይቀመጥ።