አርሳት አልጫን ሲል
ከወንበሬ ሳልነሳ አክቲቭ ዳይሬክተሪንና (የመሥሪያ ቤቱ ተጠቃሚዎችና ኮምፒውተሮች መዝገብ) ዲኤንኤስን (የኮምፒውተር ስሞችን ወደ አድራሻ የሚቀይረው) ለማስተዳደር ዊንዶውስ 11 ላይ አርሳትን (RSAT)፣ ማለትም ሰርቨሮችን ከርቀት ማስተዳደሪያ የማይክሮሶፍት መሣሪያዎችን፣ መጫን ፈለግኩ። ድሮ ለብቻው ይወርድ ነበር። ከ2018ቱ የዊንዶውስ 10 የኦክቶበር አፕዴት ወዲህ ግን ሴቲንግስ ውስጥ፣ ኦፕሽናል ፊቸርስ ስር ነው። የዊንዶውስ ሆም እትም ላይ አትልፉ፤ አይሠራም።

ኢንስቶል ስለው ትንሽ ያስብና ይከሽፋል። በፓወርሼል (ትዕዛዝ በጽሑፍ በሚሰጥበት) ስሞክረው መጨረሻው 0954 የሆነ ስህተት ሰጠኝ። ኢንተርኔቱ ደህና ነው። ነገሩ ወዲህ ነው፦ የመሥሪያ ቤቱ ኮምፒውተሮች አፕዴት የሚወስዱት በቀጥታ ከማይክሮሶፍት ሳይሆን ከውስጥ ሰርቨር፣ ከደብሊውሰስ (WSUS) ነው። አርሳትንም እዚያው ይፈልጉታል፤ እዚያ ደግሞ የለም።

ብዙ ሰው ሬጅስትሪ (የዊንዶውስ ቅንብሮች የሚቀመጡበት) ገብቶ የአፕዴት ሰርቨሩን ቅንብር ለጊዜው ያጠፋል። ይሠራል፤ መልሶ ማብራቱ ግን ይረሳል። እኔ ግሩፕ ፖሊሲን (የዊንዶውስ ቅንብሮች መቆጣጠሪያ) መረጥኩ። ኮምፒውተር ኮንፊገሬሽን፣ አድሚኒስትሬቲቭ ቴምፕሌትስ፣ ከዚያ ሲስተም። እዚያ ስለ ኦፕሽናል ኮምፖነንት አጫጫን የሚናገር ሴቲንግ አለ። ኢኔብል አድርጉት። ዋናው ነገር ታች ያለችው ሳጥን ናት፤ በደብሊውሰስ ፋንታ በቀጥታ ከዊንዶውስ አፕዴት እንዲያወርድ የምትፈቅደው። እሷን ካልነካችሁ ለውጥ የለም። ከዚያ ፖሊሲውን ወዲያው የሚያድሰውን ትዕዛዝ፣ ጂፒአፕዴትን በፎርስ (gpupdate /force)፣ አስኪዱና አርሳትን እንደገና ጫኑ።

የእኔ ወዲያው ገባ። መሣሪያዎቹ ዊንዶውስ ቱልስ ውስጥ ተደርድረዋል።