ለአደጋ ጊዜ በጎ ፈቃደኛ ስታሰለጥኑ መጀመሪያ መቆምን አስተምሩ

አደጋ ሲደርስ ቀድሞ የሚገኘው አምቡላንስ አይደለም፣ ጎረቤት ነው። እ.ኤ.አ. በ1985 ሜክሲኮ ሲቲ በመሬት መንቀጥቀጥ ስትመታ ስልጠና ያልነበራቸው ነዋሪዎች ፍርስራሹን በእጃቸው እየቆፈሩ 800 የሚሆኑ ሰዎችን አወጡ፤ ከአዳኞቹ ግን ወደ 100 የሚጠጉት እዚያው ሕይወታቸው አለፈ። ይህን ባሰብኩ ቁጥር ሆዴ ይባባል። ልብ አልጎደላቸውም። የጎደላቸው ጥቂት ቀን ስልጠና ነበር።

ስለዚህ ፋሻና ቃሬዛውን ለጊዜው አስቀምጡት። አንድ ሰው መሬት ላይ አስተኙ፣ አጠገቡ ገመድ ጣሉና "ይሄ የተበጠሰ የመብራት ሽቦ ነው" ብላችሁ ለራሳችሁ ያዙ። ከዚያ ሰልጣኞቹን አንድ በአንድ አስገቡ። አብዛኞቹ በቀጥታ ወደ ተጎጂው ይሮጣሉ። ገመዱን የረገጠውን እዚያው አስተኙት፤ አሁን ተጎጂው ሁለት ሆነ ማለት ነው። ይህን አንዴ ያየ ሰው ከመግባቱ በፊት ቆሞ ዙሪያውን ማየት አይረሳም። በጎ ፈቃደኛ ሆኖ የመጣ ሰው ርኅሩኅ ነውና "ቁም" ማለት ይከብደዋል፣ ለዚህ ነው ደጋግማችሁ ማለማመድ ያለባችሁ።

ብቻውን የሚሄድ ሰው አይኑር። ሁልጊዜ ሁለት ሁለት፣ አንድ መሪና አንድ መዝጋቢ።

ቀጥሎ ተጎጂዎችን መለየት። ከባዱ ትምህርት ይሄ ነው፣ ጊዜ ስጡት። መጀመሪያ ጮክ ብሎ "መራመድ የምትችሉ ወደዚህ ኑ!" ማለት። የቀሩትን በየተራ ሲያዩ ሦስት ነገር ይበቃል፦ በደቂቃ ከ30 ጊዜ በላይ ይተነፍሳል? ጥፍሩን ተጭነው ሲለቁት ቀለሙ ለመመለስ ከ2 ሰከንድ በላይ ይፈጃል? "እጄን ያዝ" ሲሉት ሳይታዘዝ ይቀራል? አንዱ እንኳ "አዎ" ከሆነ ቅድሚያ የእሱ ነው። ለአንድ ሰው ከአንድ ደቂቃ በላይ አይፈጅም። የሚጮኸውን አልፎ ዝም ወዳለው መሄድ አንጀት ይበላል፣ ግን የሚጮኸው ቢያንስ እየተነፈሰ ነው።

ደም ሲፈስ በንጹሕ ጨርቅ ቁስሉ ላይ አጥብቆ መጫን፣ በየሰከንዱ እየገለጡ አለማየት። ልቡ ለቆመ አዋቂ ደግሞ ደረቱ መሃል ላይ በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ጊዜ፣ ከ5 እስከ 6 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት መጫን፤ ጉልበት ቶሎ ስለሚያልቅ በየ2 ደቂቃው ይቀያየሩ። ይህን በስላይድ አታስተምሩት፣ እባካችሁ። ሰልጣኙ ሰው በሚመስለው የመለማመጃ አሻንጉሊት ላይ ተንበርክኮ እስኪያልበው ይጫን።

እሳት ማጥፊያውን ፒኑን መንቀል፣ ወደ እሳቱ ሥር ማነጣጠር፣ ተጭኖ ግራና ቀኝ መጥረግ። ለትንሽ እሳት ብቻ፣ መውጫውም ከጀርባ ይሁን፣ ምክንያቱም ትንሹ ማጥፊያ በሰከንዶች ውስጥ ባዶ ይሆናል። ጭስ የሞላበት ቤት ውስጥ አይገባም። ጎርፍ ውስጥም እንደዚያው፦ 15 ሴንቲ ሜትር ብቻ የሆነ ፈጣን ውሃ አዋቂን ሊጥል ይችላል፣ ገመድ ይወርወር እንጂ ሰው አይግባ።

ምስክር ወረቀት ሰጥታችሁ አትበተኑ። እጅ የተማረውን በጥቂት ወራት ይረሳል። በየ3 ወሩ ግማሽ ቀን ሰብስቧቸው፣ አንዳንዴም በምሽት፣ መብራት አጥፍታችሁ። ከልምምዱ በኋላ ተቀመጡና ምን እንዳስቸገራቸው ጠይቁ፣ እውነተኛ አደጋ ከነበረ ደግሞ ያዩትን እንዲያወሩ ዕድል ስጧቸው፤ ብዙዎች ቤታቸው ገብተው ነው የሚሰበሩት።

የሰፈሩን ዝርዝርም አብረው ያዘጋጁ፦ አልጋ ላይ የዋለ አረጋዊ የት አለ፣ የጋዝ መዝጊያው የት ነው፣ ቁልፉ ማን ጋ ነው። ኔትወርክ ሲጠፋ የሚገናኙበትንም ቦታ አሁኑኑ ይወስኑ፣ ዝርዝሩም በስልክ ብቻ ሳይሆን በወረቀት ይኑር።