በደም ሥር ሲቲ ስካን ላይ ጨረርን በከንቱ የሚያበዙ ስህተቶች

ሲቲ አንጂዮግራፊ የተዘጋ ወይም የተሰነጠቀ የደም ሥርን በደቂቃዎች ውስጥ ያሳያል፤ ሕይወትም ያድናል። ለምስሉ ምንም ሳይጨምር በሕመምተኛው አካል ውስጥ የሚያልፈው ጨረር ግን ሊቀር ይችላል፤ ለዚህም አዲስ መሣሪያ መጠበቅ አያስፈልግም።

ቀጭኑንም ወፍራሙንም በ120 ኪሎቮልት (ጨረር አመንጪው ቱቦ በሚሠራበት የኤሌክትሪክ ግፊት) ማንሳት። ከሁሉም የሚያንገበግበኝ ይህ ነው። የምንወጋው ኮንትራስት፣ ማለትም የደም ሥርን አድምቆ የሚያሳየው ፈሳሽ፣ አዮዲን አለበት፤ አዮዲን ደግሞ ጨረርን አብልጦ የሚውጠው ጉልበቱ ከ33 ኪሎ ኤሌክትሮን ቮልት ጥቂት ከፍ ያለውን ነው። ስለዚህ ወደ 100 ወይም ወደ 80 ኪሎቮልት ስንወርድ የጨረሩ ጉልበት ወደዚያ ስለሚጠጋ የደም ሥሩ ይበልጥ ይደምቃል። ሌላው ሳይነካ ከ120 ወደ 100 መውረድ ብቻውን ጨረሩን በሲሶ ገደማ ይቀንሳል። ምስሉ ትንሽ ሻከር ቢልም ድምቀቱ ያካክሰዋል። ኪሎቮልቱን ዝቅ አድርገው የቀድሞውን ጥራት ካልጠበቅህ ብለው መሣሪያውን የሚያዙ አሉ፤ እርሱም የቱቦውን ኤሌክትሪክ ጨምሮ የተቆጠበውን መልሶ ይበላዋል። በጣም ወፍራም ለሆነ ሰው ግን 120 ተገቢ ሊሆን ይችላል።

ሕመምተኛውን ከጋንትሪው (ከመሣሪያው ቀለበት) መሐል አዛንፎ ማስተኛት። ስካውቱ (መሣሪያው የጨረሩን መጠን የሚወስንበት ቅድመ ምስል) ሲነሳ ወደ ቱቦው የቀረበ ሰው ከመጠኑ ገዝፎ ይታያል፤ መሣሪያውም ወፍራም መስሎት ጨረር ይጨምራል። አልጋውን ጥቂት ሴንቲ ሜትር ማስተካከል ይበቃል።

በልማድ የማንሳት ዙር መደራረብ። ሳንባው ውስጥ የረጋ ደም ለተጠረጠረበት ሰው ኮንትራስቱ የሳንባን ደም ወሳጆች ሲሞላ የሚነሳው አንድ ዙር ብዙውን ጊዜ በቂ ነው። ከኮንትራስት በፊት አንድ፣ ዘግይቶም ሌላ በተመሳሳይ መጠን ከታከለ ጨረሩ ሦስት እጥፍ ይሆናል። በዋናው ደም ወሳጅ ውስጥ ስቴንት (ደም ሥርን ከውስጥ የሚደግፍ ቱቦ) ለገባለት ግን የዘገየው ዙር የሚያፈስ ቦታን ሊገልጥ ይችላል። ማዘዣው ላይ ጥያቄው ካልተጻፈ ወደ ሐኪሙ መደወል ነው።

የልብን ደም ሥሮች ሲያነሱ የልብን ምት ሳያረጋጉ መጀመር። ምቱ በደቂቃ ከ65 በታችና የተስተካከለ ከሆነ፣ ልብ በምታርፍበት ቅጽበት ብቻ ጨረር መልቀቅ ይቻላል። ምቱ ፈጣን ከሆነ ግን በሙሉ ዑደቱ መልቀቅ ይመጣል፤ ያ ደግሞ መጠኑን በብዙ እጥፍ ያበዛዋል። ሐኪሙ አስምንና ዝቅተኛ የደም ግፊትን አጣርቶ እንደ ሜቶፕሮሎል ያለ የልብን ምት የሚያዘገይ መድኃኒት የሚሰጠው ለዚህ ነው።

ካኑላውን (ደም ሥር ውስጥ የገባውን ቀጭን ቱቦ) ሳይፈትሹ ኮንትራስት መልቀቅ። ኮንትራስቱ ከደም ሥሩ ወጥቶ ክንድ ውስጥ ከፈሰሰ ምርመራው ይበላሻል፤ ሕመምተኛውም ሁለተኛ ጨረር ይቀበላል። አስቀድሞ ሳላይን (የጨው ውሃ) ገፍቶ ክንዱን በእጅ መዳሰስ ያስፈልጋል።